ጢያ የምትሄዱ ከሆነ ከሩቁ ጀምሩ

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ አንድ ቀን የሚበቃቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፤ የጥንት ሰው መሣሪያዎች የተገኙባት መልካ ቁንጥሬ፣ አዳዲ ማርያምና የትክል ድንጋዮቹ ቦታ ጢያ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ያገኘው ላይ ይቆምና ጢያ ሲደርስ ይመሽበታል። እኔም ተሸውጄአለሁ። አሁን ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥቼ፣ ሌላውን ሁሉ አልፌ በቀጥታ ጢያ ነው የምሄደው። 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

ምክንያቱ ፀሐይ ናት። ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹት ጎራዴዎች በጠዋት ብርሃን ጥላ ስለሚይዙ ጉልህ ብለው ይታያሉ። እኩለ ቀን ላይ ሂዱና እዩ፣ ግራጫ ድንጋይ ብቻ ነው። ፎቶውም አያምርም።

ሲመለሱ አዳዲ ማርያም። እሑድ ከሆነ ቅዳሴው አልቆ ትደርሳላችሁ። ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ከላይ ስትመጡ ጣሪያው ከመሬት እኩል ስለሆነ አጠገቡ እስክትደርሱ አይታይም። ከዋናው መንገድ የሚያስገባው ግን አቧራ ነው፣ መስኮት ዝጉ። ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲ ደርቡ (ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አይጠፋም)። ነጠላና የስልክ ባትሪ አትርሱ፤ ውስጡ ጨለማ ነው።

መልካ ቁንጥሬ የመጨረሻ ትሁን፤ መንገድ ላይ ናት፣ ሙዚየሟም ትንሽ ነው። ዝርዝር ብር ያዙ። ምሳ ከቤት ቋጥሩ፣ በተለይ በጾም። አዲስ አበባ መግቢያ ዓለም ገና ላይ መንገዱ በመኪና ሳይጨናነቅ ለመግባት ከ10 ሰዓት በፊት መመለስ ጀምሩ።