ፈጣን የፔንታቶኒክ ግሩቭ ስትለማመዱ የሚያደናቅፏችሁ ስህተቶች

ፔንታቶኒክ አምስት ኖታ ብቻ ያለው ስኬል (የኖታዎች ቅደም ተከተል) ነው። ጣት ቶሎ ይለምደዋል፣ ወዲያው መሮጥ ያምረዋል። ቤዝ ጊታር ላይ ግሩቭ፣ ማለትም ሙዚቃውን የሚያራምድ ተደጋጋሚ ምት፣ ስትጫወቱ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

አንደኛው ስህተት ሳይደላደሉ መፍጠን ነው። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 120 ምት ላይ አድርጋችሁ በየምቱ አራት ኖታ ስትጫወቱ በሰከንድ 8 ኖታ እየመታችሁ ነው። 60 ላይ የተዛነፈ ነገር እዚያ አይቃናም፣ በግርግሩ ይሸፈናል እንጂ። ከ60 ጀምሩ። ስልካችሁ ላይ ቀድታችሁ ስትሰሙት እኩል ከሆነ ብቻ 4 ወይም 5 ጨምሩ።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ግን ዝምታን መርሳት ነው። ብዙ ሰው ኖታው የሚጀምርበትን እንጂ የሚያበቃበትን አያዳምጥም። ኤ ማይነር ፔንታቶኒክን እንውሰድ፦ በወፍራሙ ክር 5ኛና 8ኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት የተከፋፈሉት ቦታዎች)፣ በቀሩት ሦስት ክሮች 5ኛና 7ኛ። አሁን ኤ ክር (ከወፍራሙ ቀጥሎ ያለው) ላይ 7ኛውን ፍሬት ምቱ። ኖታው ኢ ነው። ያልነካችሁት ወፍራሙ ኢ ክርም አብሮ ይርገበገባል። ቀስ ብላችሁ ስትጫወቱ አያስቸግርም፤ ስትፈጥኑ ግን ሁሉንም ነገር ያጨቀየዋል። መፍትሔው የቀኝ እጅ አውራ ጣት ነው። ወደ ቀጭኖቹ ክሮች ስትሻገሩ እሱም ይከተላችሁ፣ የተዋችሁትን ክር ተደግፎ ያፍነው። የግራ እጅ ጣትም ኖታው ሲያበቃ ጫናውን ያንሳ እንጂ ከክሩ አይላቀቅ። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ግሩቩ መሃል ላይ ድንገት ቀጥ በሉ። ከዚያ በኋላ የሚሰማ ድምፅ ካለ፣ ሲያጨቀይባችሁ የቆየው እሱ ነው።

ሌላው የቀኝ እጅ ተራ መሳት ነው። ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ሲፈራረቁ አንዱ ይጮሃል፣ ሌላው ይደክማል። ያንኑ ግሩቭ አንዴ በሌባ ጣት፣ አንዴ በመሃል ጣት ጀምሩት። ከቀጭን ወደ ወፍራም ክር ስትወርዱ በአንዱ ጣት ጠረግ አድርጎ ማለፍ ነውር የለውም፤ ብቻ ሳታስቡት አይሁን፣ ሰዓቱንም አይሳት። የጣት ብዛት ደግሞ አያስጨንቃችሁ። አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን ለሞታውን (Motown) ሙዚቃ አሳታሚ ያንን ሁሉ ቤዝ የተጫወተው በሌባ ጣቱ ብቻ ነው።

ጨምድዶ መያዝም አለ። ጣታችሁን ከፍሬቱ ብረት አጠገብ አሳርፉና ድምፁ ሳይንጫጫ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ተጫኑ። ጉልበት ካነሰ አምፕሊፋየሩ ይጨምርላችሁ።

ስኬሉን ሽቅብ ቁልቁል ማመላለስ ደግሞ ጣት ያፍታታል እንጂ ግሩቭ አይሆንም። ኤ፣ ሲ እና ጂን ብቻ ያዙ፤ በመሃላቸው ባዶ ቦታ ተዉ። ሜትሮኖሙንም በ2ኛውና በ4ኛው ምት ላይ ብቻ እንዲመታ አድርጋችሁ አስቡት። መጀመሪያ ላይ ይጠፋችኋል። አምስት ደቂቃ ታገሱት።

የእጅ አንጓችሁን ካመማችሁ ወይም ጣታችሁ ከደነዘዘ ግን አትታገሉ፣ ቤዙን አስቀምጡት።