ድርብርብ ጄሊ በአዳማ ሙቀት

ልደት ላይ ከኬኩ ቀድሞ የሚያልቀው ጄሊው ነው። ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ ሆኖ በብርጭቆ ሲደረደር ትልልቁም ሰው እጁን ይሰዳል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ችኮላ ግን አይወድም።

እኔ የምሠራው በዋዜማው ማታ ነው። የአዳማ ቀን ይሞቃል፣ ፍሪጁም በየደቂቃው ይከፈታል። ማታ ልጆቹ ከተኙ ማንም ጣቱን አይነክርበትም።

የየቀለሙን የጄሊ ዱቄት ለየብቻ በፈላ ውሃ አሟሙና ፍሬው እስኪጠፋ አማስሉ። ከዚያ ቀዝቃዛውን ውሃ ጨምሩ። ፓኬቱ ግማሽ ሊትር የሚል ከሆነ እኔ አንድ የቡና ሲኒ ያህል እቀንሳለሁ፤ ጠረጴዛ ላይ ቶሎ እንዳይላላ። ለነጩ ግማሽ ሊትር ወተት በስኳር አሙቁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጣዕም የሌለው ጄላቲን (ጄሊውን የሚያረጋው ዱቄት) በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ አርሳችሁ አምስት ደቂቃ ካቆያችሁ በኋላ ወተቱ ውስጥ አሟሙት።

ቀዩን የብርጭቆውን ሩብ ያህል አፍስሱና ፍሪጅ አስገቡ። ሙያው ያለው ሁለተኛው መቼ እንደሚፈስ ማወቁ ላይ ነው። በጣት ጫፍ ነካ አድርጉት። ፈሳሽ ከሆነ ገና ነው። ብርጭቆውን ስታዘነብሉት ካልተንቀሳቀሰ፣ ጣት ላይ ግን ለጠፍ ካለ፣ ደርሷል። ጨርሶ ከጠነከረ ነጩ ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይያያዝም፤ ማንኪያ ሲገባ ይንሸራተታል። የምታፈሱትም ሙቀቱ የወጣለት ይሁን። ትኩስ ከሆነ የታችኛውን ያቀልጠውና ቀለሙ ይዘባረቃል። ማንኪያ ገልብጣችሁ በጀርባው ላይ ቀስ አድርጋችሁ አንቆርቁሩት። ሰያፍ መስመር ከፈለጋችሁ ብርጭቆውን የእንቁላል ትሪ ላይ አጋድማችሁ አርጉት፤ ልጆቹ ይህን ሲያዩ ያብዳሉ።

ለማፍጠን ብላችሁ ፍሪዘር አታስገቡት፤ በረዶ ይሠራና ሲቀልጥ ውሃ ይተፋል።

ፍራፍሬ ካማራችሁ ሙዝና ብርቱካን ይሆናሉ። ጥሬ አናናስና ፓፓያ ግን አይሆኑም፤ ኢንዛይማቸው ጄላቲኑን ስለሚፈታው ሌሊቱን ሙሉ ቢቀመጥም አይረጋም። የቆርቆሮው አናናስ በሙቀት ያለፈ ስለሆነ ችግር የለበትም።

ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶች ካሉ ሐላል የሚል ፓኬት ፈልጉ። ልደቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ደግሞ ለሚጾመው እንግዳ ከባሕር አረም የሚሠራው አጋር አጋር አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ለአንድ ኩባያ ጭማቂ ይበቃል፤ ግን አብሮ መፍላት አለበት። ያለ ፍሪጅም ይረጋል፣ መብራት ሲጠፋ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቶሎ ስለሚይዝ የታችኛው ላዩ ቆዳ እንዳበጀ፣ ገና ለብ እንዳለ ቀጣዩን አፍስሱበት።

ለሕፃናት በብርጭቆ አታቅርቡ። ሙልጭ ብሎ ጉሮሮ ላይ ሊቀረቀር ስለሚችል ሳህን ላይ በሹካ አድቅቁላቸው፤ ተቀምጠው ይብሉ፣ ትልቅ ሰውም አጠገባቸው ይሁን።