የዲፍረንሻል ዘይት በደጃፍ፦ መጀመሪያ የላይኛውን ቡሎን ፍቱ

የምነዳው የ2006 ሞዴል ቶዮታ ሒሉክስ ነው። ደብል ጋቢና፣ ናፍጣ። ቤቴ ደብረ ብርሃን፣ ሥራዬ ሸዋ ሮቢት ነው። በሳምንት ሁለቴ ሽንኩርት ወይ ማሾ ጭኜ የጣርማበርን ዳገት እወጣለሁ። ከቆላው ሙቀት ተነስቼ ከ2,700 ሜትር በላይ ወደሆነው ብርድ ማለት ነው። የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ለሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን፣ ለኋላ ዲፍረንሻል፣ ከዚህ የከፋ ፈተና የለም።

አንድ ክረምት ላይ ከኋላ በኩል ጉምጉምታ ጀመረ። በ60 እና በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መካከል ይሰማል፣ ነዳጅ ስለቅ ይቀንሳል። ጎማ ነው ብዬ ጎማ አስቀየርኩ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ጥገና ያሳለፉ ጎረቤቴን ለመንኳቸውና አብረውኝ ዞሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣

«የዲፍረንሻሉን ዘይት መቼ ነው የቀየርከው?» አሉኝ።

«እኔ እንኳ ቀይሬው አላውቅም ጋሼ።»

«ታዲያ ማን ይቀይርልህ ልጄ?»

የሞተሩን ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር ስቀይር አንድ ቀን አልዘለልኩም። የዲፍረንሻሉን ግን የሚያስታውሰኝ ነገር አልነበረም። ዳሽቦርድ ላይ መብራት የለውም፣ የሚለካበት ዘንግ የለውም። ባለቤቱ ተንበርክኮ ካላየው ማንም አያየውም። ስንከፍተው የወጣው ዘይት ማኪያቶ ይመስል ነበር። ውሃ ገብቶበታል። ወደ እርሻው መግቢያ ላይ ያለውን ወንዝ ስሻገር ነው የገባው።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን ራሴ በደጃፌ እሠራዋለሁ። ከቀዝቃዛ መኪና እስከ እጅ መታጠብ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው።

መጀመሪያ መኪናችሁ ይህ ክፍል ለብቻው እንዳለው እወቁ። ሒሉክስ፣ ሃይሩፍ፣ ላንድ ክሩዘር፣ አይሱዙ የመሳሰሉት የኋላ ጎማቸው የሚገፋ ስለሆነ ከኋላ መሀል ላይ ያ ክብ የብረት ሆድ ይታያል። ቪትዝና አዳዲሶቹ ኮሮላዎች ግን የፊት ጎማቸው ነው የሚጎትተው። የእነሱ ዲፍረንሻል ካምቢዮው ውስጥ ነው፣ ዘይቱም አብሮ ነው። የቪትዝ ባለቤት ከኋላ ቢፈልግ የሚያገኘው ነገር የለም። ባለ ፎር ዊል የሆነ ደግሞ የፊትም ዲፍረንሻል አለው፣ እሱም የራሱ ዘይት አለው።

ዘይቱን ስትገዙ የምትሉት ቃል ወሳኝ ነው። «ዘጠና ስጠኝ» ማለት አይበቃም። ዘጠና ውፍረቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ቆርቆሮው ላይ ጂኤል-5 (GL-5) የሚለውን የዘይት ደረጃ ፈልጉ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከሞተሩ ኃይል ይዞ የሚመጣው ትንሹ ጥርስ ከትልቁ ጥርስ መሀል ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ጥርሶቹ ሲዞሩ መነካካት ብቻ ሳይሆን በከባድ ጫና እየተንሸራተቱ ይፋተጋሉ። ተራ ዘይት እዚያ መሀል አይቆምም፣ ተጨምቆ ይወጣል። ጂኤል-5 ውስጥ ያለው የድኝና የፎስፈረስ ቅመም ነው ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ የሚያድነው። ያ የሚከረፋ ሽታም የመጣው ከድኙ ነው። ውፍረቱን በተመለከተ በእኔ ሒሉክስ 80ደብልዩ-90 (80W-90) ነው የምጠቀመው። የእናንተን መኪና መመሪያ መጽሐፍ እዩ። አንዱ ጎማ ብቻውን በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚገታ ዲፍረንሻል ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ኤልኤስዲ (LSD) የሚል ዘይት ይፈልጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የተረፈውን የጂኤል-5 ዘይት፣ ጂኤል-4 የሚባለውን ሌላ ደረጃ ለሚፈልግ ካምቢዮ አትጨምሩት። ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ ሲገባ የሚያላምዱ የነሐስ ቀለበቶች አሉ። ያ ጥርስን የሚያድን ቅመም እነሱን ሊበላቸው ይችላል።

ሌላው ዕቃ ቀላል ነው። 3 ሊትር ዘይት እገዛለሁ፣ ጥቂት ይተርፈኛል። ለሁለቱ ቡሎኖች ሁለት አዲስ ሮንዴላ። በእኔ መኪና ሁለቱም በ24 ቡሶላ ይፈታሉ። ከውስጥ በኩል ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ የሚፈልጉ ሞዴሎችም ስላሉ ተኝታችሁ ካያችሁ በኋላ ግዙ። የሽቦ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ ሰፊ ሳፋ፣ የእጅ ጓንት፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ።

መኪናውን ሩብ ሰዓት ያህል ንዱት። በተለይ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ ቦታ ጠዋት ዘይቱ እንደ ማር ይጎተታል፣ ግማሹም ከውስጥ ይቀራል። ሲሞቅ ግን ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ከዚያ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ከፊትም ከኋላም ደግፉ። ሒሉክስ ከፍ ያለ ስለሆነ ክሪክ ሳልሰቅል ከሥር እገባለሁ። የእናንተ ዝቅ ያለ ከሆነ በጠንካራ የብረት መቆሚያ አቁሙት። በክሪክ ብቻ የተሰቀለ መኪና ሥር አትግቡ። ልጆቻችሁንም አርቁ። ስታነሱት ደግሞ አራቱም ጎማ እኩል ይነሳ፣ ካዘነበለ የዘይቱ ልክ ይሳሳታል።

አሁን ርዕሱ ላይ የጻፍኩት ነገር መጣ። ሁለት ቡሎን አለ። አንዱ ከታች፣ መውጫው። ሌላው ከፍ ብሎ በጎን፣ መግቢያው። መጀመሪያ የላይኛውን ፍቱ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ስሠራ ከታች ጀመርኩ። ዘይቱ ፈሰሰ፣ ደስ አለኝ። የላይኛው ግን ዝጎ ተጣብቆ አልፈታ አለ። መኪናው ያለ ዘይት ሁለት ቀን ቆመ፣ ሽንኩርቱም ሸዋ ሮቢት ቀረ። ጋሼ መጥተው ዝገት ማላቀቂያ ረጩበትና አሳደሩት። በማግስቱ መዶሻ ሁለቴ አሳርፈውበት ከተፈታ በኋላ ነው፣ «መግቢያውን ሳታገኝ መውጫውን አትክፈት» ያሉኝ።

ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በብሩሽና በጨርቅ አጽዱ። የመንገዳችን አቧራ ወደ ውስጥ ከገባ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው የሚሠራው።

የላይኛው ሲፈታ ሳፋውን ከታች አድርጉና መውጫውን ክፈቱ። መጨረሻው ላይ ዘይቱ በድንገት ስለሚተኮስ ፊታችሁን ዞር አድርጉ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ይንጠባጠብ። እኔ በዚህ ጊዜ ቡና እጠጣለሁ።

ስትመለሱ የወጣውን በደንብ እዩ። ከጠቅላላው ሥራ ዋናው ይህ ነው። የመውጫው ቡሎን ጫፍ ላይ በብዙ መኪኖች ማግኔት አለ። እዚያ ላይ እንደ ቅባት የለሰለሰ ግራጫ ነገር ካለ አትደንግጡ፣ የተለመደ የጥርስ ብናኝ ነው። በጣት ሲዳሰስ የሚቆረቁር ስንጣሪ ወይም የጥርስ ስባሪ ካለ ግን ዘይት መቀየር አይፈታውም፣ ሆዱ መከፈት አለበት። የጠቆረ ዘይት ያረጀ ነው። ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ውሃ የገባበት ነው።

ውሃው የሚገባው ብዙ ጊዜ ከላይ ባለችው የመተንፈሻ ቀዳዳ ወይም ባረጀ ኦይል ሲል (ዘይቱ እንዳይወጣ በሚያግደው ላስቲክ) በኩል ነው። ዲፍረንሻል ሲሠራ ይግላል፣ ውስጡ ያለው አየርም ያብጣል። ወንዝ ውስጥ ድንገት ሲነከር አየሩ ይኮማተርና ውሃ ይስባል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ደግሞ ግፊቱ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል ወደ ፍሬን ይገፋዋል። ስለዚህ ያቺን ትንሽ ክዳን በጣታችሁ አዙሯት፣ አጽዷት። ወንዝ ከመግባቴ በፊት አሁን አሥር ደቂቃ ቆሜ አቀዘቅዛለሁ።

ማግኔቱን ጠርጋችሁ በአዲስ ሮንዴላ የታችኛውን እሰሩ። በብዙ ሒሉክሶች የኋላው ዲፍረንሻል ቡሎን የማጥበቂያ ልክ 49 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ የሰው ክንድ ጠበቅ ማድረግ እንጂ በቧንቧ አስረዝሞ መታገል አይደለም።

አዲሱን ዘይት ለመሙላት ፓምፕ ካላችሁ ጥሩ። እኔ የለኝም። ቱቦውን በቆርቆሮው አፍ ላይ አጥብቄ አስራለሁ፣ ሌላውን ጫፍ መግቢያው ውስጥ እከታለሁ። ልጄ ቆርቆሮውን ከጭነት ሳጥኑ በኩል ከፍ አድርጎ ይይዝልኛል። ዘይቱ በክብደቱ ይወርዳል። ዘይቱ ብርድ ላይ ካደረ ቆርቆሮውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆዩት። ከመግቢያው ቀዳዳ ታችኛው ከንፈር መፍሰስ ሲጀምር በቃው። ፍሰቱ ሲቆም የላይኛውን በአዲስ ሮንዴላ ዝጉ።

ምን ለውጥ ታገኛላችሁ? የፈረስ ጉልበት አይጨምርም። የሚያገኘው ጥርሱና ኩሽኔታው ነው፤ ፍትጊያውና ግለቱ ይቀንሳል፣ ዕድሜው ይረዝማል። የእኔ ጉምጉምታ በጣም ቀነሰ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ምክንያቱም ኩሽኔታው በውሃው ተጎድቶ ነበር። ያገለገለ መኪና ስትገዙም የላይኛውን ቡሎን አስከፍቱና ጣታችሁን አስገቡ። ድምፅ ለመደበቅ ሰጋቱራ ወይም ግሪስ የሚጨምር ሻጭ አለ።

የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን ሰብስቤ ለሚረከበኝ ጋራዥ እሰጣለሁ። ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ ያ ቦይ ከታች የሰው ውሃ ነው።

ማታ ከመኪናው ሥር ካርቶን አነጥፋለሁ። ጠዋት ደረቅ ከሆነ በሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ በለጠፍኩት ፕላስተር ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን እጽፋለሁ። ቀጣዩ ከ40,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። ውሃው የጎማውን መሀል ያለፈበት ወንዝ ከተሻገርኩ ግን በዚያው ሳምንት የላይኛውን ቡሎን ፈትቼ አያለሁ።