ግቢያችሁ ጉጉት ስትገባ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ባለፈው ወር አንዲት ጎረቤቴ ማለዳ ደወለችልኝ። «ቶሎ ድረስ! ግቢያችን ጉጉት ገብታ ልጆቹ ሊገድሏት ነው» አለችኝ። ስደርስ ጥዱ ሥር ድንጋይ ተበታትኗል። ጉጉቷ አንድ ክንፏን ጥላ አጥሩ ጥግ ተለጥፋለች። አዲስ አበባ ውስጥ ወፍ ማስጎብኘት ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥሪ ስንት ጊዜ እንደደረሰኝ ቁጥሩ ጠፍቶኛል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ድንጋይ ማንሳት ነው። «ጉጉት ከጮኸች ሰው ይሞታል» እየተባልን አደግን። እኔም አያቴ ቤት ድምፅዋን ስሰማ ጋቢ ተከናንቤ የምጸልይ ልጅ ነበርኩ። ግን እስቲ አስቡት። በሽተኛ ያለበት ቤት ሌሊቱን ነቅቶ ያድራል። የነቃ ሰው ደግሞ ጉጉት ይሰማል። በፊትም ትጮኽ ነበር፤ ተኝተን ነው ያልሰማናት። የምትጮኸው ክልሏን ለማስከበርና ጓደኛዋን ለመጥራት ነው። ከኮርኒስ ውስጥ የሚሰማው ያ የሚሰቀጥጥ ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተራቡ ጫጩቶች ነው። «አንገቷ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ሰይጣን አለባት» የሚለኝም አለ። ዓይኗ እንደኛ ዓይን ወዲያ ወዲህ አይልም፤ ስለዚህ አንገቷን እስከ 270 ዲግሪ ታዞራለች። የእኛ የአንገት አጥንት 7 ነው፣ የእሷ 14። ሌላ ምስጢር የለውም። ግቢያችሁ የመጣችውም አይጥ ስላለ ነው። ሌሊቱን አይጣችሁን ስታድንላችሁ ታድራለች፤ እኛ ጠዋት በድንጋይ እንቀበላታለን። እባካችሁ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

የአይጥ መርዝ የምትበትኑም አስቡበት። መርዝ የበላች አይጥ ብዙ ጊዜ ወዲያው አትሞትም። ለቀናት እየተንገዳገደች ትዞራለች። ለጉጉት ከእሷ የቀለለ አደን የለም። መርዙም ከአይጧ ወደ ጉጉቷ ያልፋል። ወጥመድ ይሻላል።

ወተት መስጠትን ራሴም ተሳስቼበታለሁ። ወጣት እያለሁ አንዲት የወደቀች ጫጩት አገኘሁና በሲሪንጅ ወተት አፏ ውስጥ አንቆረቆርኩላት። ሲነጋ ሞታለች። የወፍ መተንፈሻ የሚከፈተው ምላሷ ሥር ነው። በግድ የሚሰጣት ፈሳሽ በቀላሉ ሳንባዋ ይገባል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ውሃም ቢሆን በአፏ አታንቆርቁሩ፤ እንጀራም አትስጧት።

ደግሞ መሬት ላይ ያገኛችኋት ጫጩት ሁሉ እናት አልባ አይደለችም። የአንዳንድ ጉጉቶች ጫጩቶች በደንብ መብረር ሳይችሉ ከጎጇቸው ወጥተው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይንጠላጠላሉ፤ ይወድቃሉም። ካልቆሰለች ውሻውን አስራችሁ፣ በፎጣ ይዛችሁ ቅርንጫፍ ላይ መልሷትና ራቁ። እናትየዋ ሲመሽ ትመጣለች።

ቀን ስላያችኋት ብቻ ታማለች አትበሉ፤ ቁራዎችና ትናንሽ ወፎች ከማደሪያዋ አባረዋት ሊሆን ይችላል። ፍላሽ እያበራችሁ ፎቶ አታንሱ።

የቆሰለችውን በባዶ እጅ አትያዙ። ሰው መንቆሯን ይፈራል፤ የሚጎዳው ግን ጥፍሯ ነው። ወፍራም ፎጣ ጣል አድርጉባት፣ ቀዳዳ የተበጀለት ካርቶን ውስጥ ክተቷትና ጨለማና ጸጥታ ያለበት ቦታ አስቀምጧት። ከዚያ የእንስሳት ሐኪም ወይም የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቁ። «ትንሽ ትለማመደኝ» ብላችሁ ቤት አታቆዩአት።

የጎረቤቴን ጉጉት ሐኪም ሲያያት አጥንቷ አልተሰበረም። ሐኪሙ ዘንድ ሁለት ሌሊት አደረች። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ካርቶኑን ይዘን ወደ ጥዱ ተመለስን። ክዳኑን የከፈተው ድንጋይ ሲወረውር የነበረው ትልቁ ልጅ ነው። ድምፅ ሳታሰማ ወጥታ በአጥሩ ላይ አለፈች። ልጁ እስኪጨልም ድረስ ከዚያ አልተነሳም።