የፒካፕ የኋላ ሻፍት እንዴት ይወጣል፣ እንዴትስ ይታደሳል?

በሰበታና በሱሉልታ በኩል አሸዋና ብሎኬት ስታመላልስ የኖረች ሂሉክስ ምልክቱን ማሳየቷ አይቀርም። በኋላ ጎማ የውስጥ በኩል ዘይት ይወርዳል፣ ፍሬኑ ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ከኋላ የሚያጉረመርም ድምፅ ይመጣል። ድምፁ ብዙውን ጊዜ የኩሽኔታ ነው፤ ማለትም ሻፍቱ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት። ዘይቱ ግን የግድ የሲሉ፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት፣ ጥፋት አይደለም።

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት የኋላ አክስሉ (ሻፍቶቹንና ዲፈረንሻሉን የያዘው የብረት ቤት) አናት ላይ ያለችውን ትንሽ መተንፈሻ እዩ። የክረምት ጭቃ ይደፍናታል። ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በሲሉ በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። እሷ ተደፍና ሲል መቀያየር ብር መበተን ነው። በናፍጣ አጥባችሁ አየር ማሳለፏን አረጋግጡ።

የምነግራችሁ ኩሽኔታው ሻፍቱ (ኃይሉን ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) ላይ ተጠቅጥቆ ለሚገባበት ዓይነት ነው። እንደ አይሱዙ ያሉ የጭነት መኪኖች አሠራራቸው ሌላ ነው።

መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ ስላለበት የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ። በክሪክ ካነሳችሁ በኋላ በብረት መደገፊያ ላይ አሳርፏት። ብሎኬት የለመዳችሁ ተዉት፤ ብሎኬት ሲሰበር አያስጠነቅቅም።

ዘይቱን ስታፈሱ መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ። እሱ እምቢ ማለቱን ዘይቱ ካለቀ በኋላ ብታውቁት መኪናዋ እዚያው ቀረች ማለት ነው። የወረደው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

ጎማውን አውጡ። ታምቡሩ ከተጣበቀ በመዶሻ አትደብድቡት። ፊቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ 8 ሚሊ ቡሎን እያፈራረቃችሁ ስታጠብቁ ራሱ ይወጣል። የፍሬን ዘይት ቱቦውን በልኩ መፍቻ ፍቱ፣ ፒንሳ የዳዶውን ጥግ ይበላዋል። የእጅ ፍሬን ገመዱን፣ ኤቢኤስ ካላትም ሴንሰሩን አላቁ። ከዚያ ከጀርባ ያሉትን አራት ዳዶዎች ፈትታችሁ ሻፍቱን ከነሳህኑ (የፍሬን ሸራዎቹ የሚታሰሩበት ክብ ብረት) ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ኩሽኔታውን ሻፍቱ ላይ የሚይዝ የብረት ቀለበት አለ። ብዙ ሰፈር ጋራዥ ይህን ቀለበት በግራይንደር ይቆርጡና በመሮ ይሰነጥቁታል። ፈጣን ነው፣ አልክድም። ግን ዲስኩ ትንሽ ካለፈ ሻፍቱን ይጭረዋል። ጭረቱ ሲሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ከሆነ ዘይት ያሳልፋል፤ ሌላ ቦታ ከሆነም ከባድ ጭነት ላይ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በእሳት ማሞቅማ ጭራሽ አይታሰብም፤ የሻፍቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል። ፕሬስ ያለው ቶርኖ ቤት ውሰዱት። የምትከፍሉት ከአዲስ ሻፍት ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

እዚያ ስትደርሱ ከአጠገቡ አትራቁ። አዲሱ ኩሽኔታ ከመግባቱ በፊት ሳህኑና የውጭው ሲል ሻፍቱ ላይ በቅደም ተከተል መግባት አለባቸው። አንዱ ከተረሳ ተመልሶ መፍታት ነው፣ የወጣ ኩሽኔታ ደግሞ ተመልሶ አይገባም። የሚጫነውም በውስጠኛው ቀለበት እንጂ በውጭው አይደለም፤ በውጭው ከተጫነ ኳሶቹ መንገዳቸውን ይነድሉታል። አሮጌው የመያዣ ቀለበት ደግሞ አይመለስ፣ አንዴ ከወጣ ጥብቀቱን ያጣል።

ሻፍቱ እጃችሁ ላይ እያለ ሲሉ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍር ዳሱ። ጥፍር የሚይዝ መስመር ካለ አዲስ ሲልም አያቆመውም።

አክስሉ ውስጥ የቀረውን የውስጡን ሲል ከመንቀላችሁ በፊት ምን ያህል ጠልቆ እንደተቀመጠ ለኩ። አዲሱ ስፕሪንግ ያለበት ፊት ወደ ዲፈረንሻሉ ይዞራል። ልኩ በሆነ የቧንቧ ቁራጭ ዙሪያውን እኩል መትታችሁ አስገቡት፤ ከንፈሩን ዘይት ቀቡ። ለኩሽኔታና ለሲል ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩን አስተያዩ፣ በካርቶኑ ብቻ አትመኑ።

ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፣ ሲሞቅ ዘይቱን መልሶ ይተፋዋል። በሁለቱም ጎን ቀይሩ።

ስትመልሱ የሻፍቱ ጥርስ ሲሉን እንዳይጭር በእጃችሁ ደግፉት፣ በቀስታ እያዞራችሁ አስገቡ። ዳዶዎቹን በመስቀል አጥብቁ፣ የፍሬኑን አየር አውጡ፣ የዲፈረንሻል ዘይት መሙያው አፍ ድረስ ሙሉ። ቀስ ብላችሁ ትንሽ ከነዳችሁ በኋላ እጃችሁን ወደ ሁለቱም ታምቡር አስጠጉ። አንዱ ከሌላው በጣም ከሞቀ ሸራው ጠብቋል ወይም ኩሽኔታው በትክክል አልተቀመጠም፤ ጭነት ሳትጭኑ መልሳችሁ ክፈቱት።