ጭንቀት ሆድ ሲቆልፍ፦ ከምግብ በፊት 5 ደቂቃ

ስትጨነቁ ሆዳችሁ የሚነፋ ወይም ምግብ አልወርድ የሚላችሁ ከሆነ፣ ከመብላታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ቀበቶ አላልታችሁ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። አንድ እጃችሁን ደረት ላይ፣ ሌላውን እምብርት ላይ አድርጉ። አየር በአፍንጫ 4 ሰከንድ አስገቡ፣ 6 ሰከንድ ቀስ አድርጋችሁ አስወጡ። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ማለት ነው። ከፍ ዝቅ ማለት ያለበት ሆድ ላይ ያለው እጅ ነው፤ የደረቱ ከተነሣ አልሆነም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አየር አብዝቶ በመሳብ ነው። እንደዚያ ሲሆን በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ራስ ያዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል። መርዘም ያለበት አወጣጡ ነው፤ የአየሩ መጠን እንደ ወትሮው ይሁን።

ስንጨነቅ ሰውነት ደሙን ከአንጀት ወደ ጡንቻ ስለሚያዞር የጨጓራ ሥራ ይዘገያል። ረጅም አወጣጥ ቬገስ የተባለውን ነርቭ ያነቃቃል፤ የልብ ምት ይረግባል፣ የምግብ መፈጨትም ይቀለዋል። የዚህ ነርቭ አብዛኞቹ ክሮች መልእክት የሚያደርሱት ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል ስለሆነ የታወከ ሆድ ስሜትንም ያውካል። (ከስሜት ጋር የሚያያዘው ሴሮቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር 90 በመቶው አንጀት ውስጥ ይመረታል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ያ ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አያልፍም፣ ስለዚህ «ደስታ ከሆድ ይመረታል» የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው።)

ትንፋሽን መከታተል ይበልጥ የሚያስደነግጣችሁ ከሆነ ተዉት፤ ቀስ ብሎ መራመድ ይሻላችኋል። ድባቴ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሰገራ ላይ ደም ከታየ ወይም ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የታዘዘላችሁን የድባቴ መድኃኒት በዚህ አትተኩት።