«አታስቢው» አትበሏት፦ ስለ ስሜት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ውስጥ የምክር አገልግሎት መስጠት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዘመድ ወዳጅ መክሮት ምክሩ አልያዝ ሲለው ነው። ምክሩ ደግሞ ከቤት ቤት አይለያይም።

ፍርሃትን በክርክር ለማሸነፍ መሞከር

ይሄን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። አንዲት ወጣት ነሐሴ ላይ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠ (እንዳትታወቅ አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ)። ቁስሏ ዳነ። ኅዳር ላይ ግን የባጃጅ ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇ በረዶ ይሆናል። ያኔ ጀማሪ ነበርኩና አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋት። ከፈረንጅ አራዳ ሄርማታ በቀን ስንት ባጃጅ በሰላም እንደሚመላለስ፣ መንገዱም አሁን እንደደረቀ። «ልክ ነህ፣ እኔም አውቃለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወጥታ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ሄደች።

እ.ኤ.አ. በ1911 ክላፓሬድ የተባለ የጄኔቫ ሐኪም ስለጻፈላት አንዲት ታካሚ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሴትየዋ አዲስ ነገር አይያዝላትም፤ በየቀኑ የምታየውን ሐኪም እንኳ አታውቀውም። አንድ ቀን መዳፉ ውስጥ መርፌ ደብቆ ጨበጣት። በኋላ እጁን ሲዘረጋላት ማን እንደሆነ አላወቀችም፤ እጇን ግን ሰበሰበች። የሆነውን አታስታውስም፣ ሰውነቷ ግን ይጠነቀቃል።

ጆሴፍ ሌዱ የተባለ የአንጎል ተመራማሪ በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት የአደጋ ምልክት ወደ አሚግዳላ (አንጎል ውስጥ ለአደጋ ምላሽ የሚያስነሳው ክፍል) የሚደርስበት ሁለት መንገድ አሳይቷል። አንዱ አቋራጭ ነው፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይለይ ሰውነትን ያዘጋጃል። ሌላው በውጨኛው የአንጎል ክፍል ዞሮ፣ አጣርቶ፣ ዘግይቶ ይደርሳል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የምንለው ይሄው ነው። ልጥ መሆኑን የምናውቀው ከዘለልን በኋላ ነው። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሁት ከዘገየው ጋር ነበር።

ልጅቷን የረዳት ወንድሟ ነው። ባጃጅ ነበረው። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በራቸው ላይ ቆሞ፣ ዝም ብላ ተቀመጠችበት። በአንድ እጇ ብረቱን ጨብጣለች፤ በሌላው የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ ይዛለች። የነጠላው ጫፍ እስኪፈታ ድረስ አልወረደችም። በሌላ ቀን ሞተሩን አስነሱ። ከዚያ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሄዱ።

«አታስቢው» ማለት

እናቷ ያን ሰሞን ከአፋቸው የማይጠፋው «ልጄ፣ በቃ አታስቢው» የሚለው ነበር። በፍቅር ነው የሚሉት። ግን ይሄን ቃል በሳምንት ስንቴ ነው የምሰማው! ባል ለሚስቱ ይለዋል፣ ጓደኛ ለጓደኛው ይለዋል፣ ባለሙያም ሲለው ሰምቻለሁ። እባካችሁ ይቅር! ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጥናት ተማሪዎችን «ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወል ምቱ» አላቸው። ደወሉ ደጋግሞ ተመታ። በኋላ አስቡ ሲባሉ ደግሞ መጀመሪያውኑ ካልተከለከሉት በላይ ስለ ድቡ አሰቡ። አእምሮ ሐሳብን ለመከልከል ዘብ ያቆማል። ዘቡም «መጣ? አልመጣም?» እያለ ያንኑ ሐሳብ ሲፈልግ ይውላል። ልጅቷም ሐሳቡ አልተዋት፤ በላዩ ላይ «ምን ሆኜ ነው መተው ያቃተኝ?» የሚል ጸጸት ተጨመረባት። ሁለት ሸክም ሆነ።

«ሆድ ይፍጀው»ም አያዋጣም። ፊት ሊረጋ ይችላል፤ የሰውነት ውጥረት ግን እንደውም ይብሳል።

የልብ ምትን ሁሉ ጭንቀት ማለት

ይሄ ጅማ ውስጥ የግድ መነገር አለበት። አቦል ጠጥተን በቶና አናቆምም፤ በረካም አለ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ማታ ማታ ልቤ ይመታል፣ ፈተናው ሊገድለኝ ነው» ብሎ መጣ። ስለ ቤተሰቡም ስለ ውጤቱም ጠየቅኩት። ስለ ቡና የጠየቅኩት መጨረሻ ላይ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አራት ስኒ ይጠጣል፤ ያውም በባዶ ሆዱ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ልቡ በቡናው ይመታል፣ አእምሮው ምክንያት ይፈልጋል፣ ፈተናው ደግሞ ቅርብ አለ። ቡናውን ወደ ጠዋት ሲያዞረው እንቅልፉ ተመለሰ። ደረት የሚወጋ ወይም ራስ የሚያዞር ከሆነ ግን አማካሪ ጋ ሳይሆን መጀመሪያ ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው።

ስሜትን በሰው ቋንቋ ማስነገር

በአማርኛ «ጨነቀኝ» ብቻ ብሎ ዝም ያለ ሰው በኦሮምኛ ሲያወራ «ሶዳ» (ፍርሃት) ይሁን «ያዶ» (ሐሳብ) ለይቶ ይነግራችኋል። ፍርሃትና ሐሳብ አንድ አይደሉም። ስሜትን በስሙ መጥራት በራሱ ያረጋጋል፤ ስለዚህ በሚቀናው ቋንቋ ይናገር።

ፍርሃቱ ሲመለስ «አልዳንኩም» ማለት

አዲሱ ልምድ አሮጌውን አያጠፋውም፤ በላዩ ላይ ነው የሚነጠፈው። አሮጌው የመጣበትን ምልክት ሲያገኝ ብቅ ይላል። ልጅቷ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ደወለችልኝ። «ተመለሰብኝ» አለች፣ እያለቀሰች። አደጋው የደረሰው በዝናብ እንደነበር አስታወስኳት። በማግስቱ ከወንድሟ ጋር ከቆመው ባጃጅ እንደገና ጀመሩ፤ አሁን ጣሪያው ላይ ዝናቡ እየወረደ። የመጀመሪያው ጊዜ ሁለት ወር ወስዶባቸው ነበር። ይሄኛው አራት ቀን ፈጀ።